«0.08ን ወደ 0.04 አወርድልሻለሁ አለኝ»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመት ተኩል ቅዳሜና እሑድ እየተመላለስኩ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ስማር ቆይቻለሁ። ክፍያውን የሚሸፍንልኝም፣ ልጆቹን የሚይዝልኝም ባለቤቴ ነው።

አሁን የቀረኝ ቲሲሱ ብቻ ነው። ጥናቴ እናቶች ለቅድመ ወሊድ ክትትል ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ ነው። 422 እናቶችን ጠይቄያለሁ። አብዛኞቹን ያነጋገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ያን ጊዜ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። አንዷ የ4 ሰዓት መንገድ በበቅሎ መጥታ፣ ጠይቄያት እስክጨርስ እጄን ይዛ ነበር የምታጫውተኝ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ስታቲስቲክስ አልገባኝም። ኮርሱን መጀመሪያ ወድቄ በድጋሚ ፈተና በሽምደዳ ነው ያለፍኩት። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ አስወጥቶኝ፣ ሲያቅተኝ ክፍሉን በሙሉ አስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳይ ልቤ ድው ድው ይላል።

ስለዚህ ዳታውን፣ ለብዙ ተማሪዎች ለሚሠራ አንድ ልጅ ሰጠሁት። በ12,000 ብር ተስማምተን ግማሹን ከፈልኩ። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም «ኦድስ ሬሽዮ 1.5፣ ከ0.95 እስከ 2.36፣ ፒ ቫልዩ 0.08» ብሎ ላከልኝ። ከዚያ ደወለና «ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለው ርቀት ሲግኒፊካንት አልሆነም። እንዲህ ሆነሽ ብትቀርቢ ይጥሉሻል። 3,000 ጨምሪና ወደ 0.04 አወርድልሻለሁ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ጨርሺና ተገላገዪ» ትለኛለች። ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ 6 ሳምንት ቀርቶታል። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ልክፈለው ወይስ ምን ላድርግ? እባክዎ እንደ ታናሽ እህትዎ ይዩኝና አንቺ እያሉ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ

እህቴ፣ እንዳልሽኝ አንቺ እልሻለሁ።

መጀመሪያ እንቅልፍ የነሣሽን ጥያቄ ልመልስ። ሦስት ሺውን አትክፈዪ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ዳታውን ለሌላ ሰው በመስጠትሽ ግን አልፈርድብሽም። ሥራ አለ፣ ሁለት ልጅ አለ፣ የሌሊት ተራ አለ፣ በዚያ ላይ በየሳምንቱ መጨረሻ ትምህርት። ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትፈሪው ነገር ፊትሽ ሲቆም፣ «እኔ እሠራልሻለሁ» ያለሽን ሰው ማመንሽ ይገባኛል። ያ መምህር ያደረገብሽም ልክ አልነበረም። ሰሌዳ ፊት ቆማ የተሳቀባት ልጅ ሃያ ዓመት ቢያልፍም አትረሳውም።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። 0.08 ይዘሽ ብትቀርቢ «ይጥሉሻል» ያለሽ ማነው? አድቫይዘርሽ ነው? ፈታኞቹ ናቸው? ወይስ ብሩን የሚፈልገው ልጅ ብቻ? ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አድቫይዘርሽ አንድም ቦታ አልተነሣም። ፈርተሽው ይሆን? ወይስ «እስካሁን ይህን አታውቂም?» እንዳይልሽ አፍረሽ? ይህን ለራስሽ መልሺው።

«ስታቲስቲክስ አልገባኝም» ብለሻል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላምንሽም። በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ ውስጥ ስላለ ነው። ስሙን በማታውቂው ቋንቋ ነግረውሽ እንጂ ነገሩን ታውቂዋለሽ። እስቲ አብረን እንየው።

ከአንዲት እናት ለምርመራ ደም ስትወስጂ ስንት ትወስጂያለሽ? ትንሽ ነው፤ ስሙም ናሙና ነው። ያቺ ትንሽ ደም ስለ ሙሉ ደሟ ትናገራለች፣ ምክንያቱም ደም በሰውነት ውስጥ ሲዞር ይቀላቀላል። ከእጅ ወሰድሽ ከእግር ያው ነው። በጥናትም ናሙና ማለት ይኸው ነው። ሁሉንም እናት መጠየቅ ስለማይቻል ጥቂቱን እንጠይቃለን። ልዩነቱ አንድ ነው። ደም ይቀላቀላል፣ ሰው ግን አይቀላቀልም። ከተማ ዳር ያለችውና ገደል ማዶ ያለችው እናት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ስንት ሰው ጠየቅሽ?» ብቻ አይደለም፣ «የት ሆነሽ ማንን ጠየቅሽ?» የሚለውም ነው። ይህችን ነጥብ ያዣት፣ እመለስባታለሁ።

422ንም ከየት እንዳመጣሽው ልገምት? መጀመሪያ 384 ነበር፣ ከዚያ መልስ የማይሰጥ ሰው ቢኖር ብለሽ 10 በመቶ ጨመርሽ። በአገራችን ስንትና ስንት የኅብረተሰብ ጤና ቲሲስ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ዲፌንስ ላይ «ለምን 384?» ብለው ቢጠይቁሽ እንዳትደነግጪ። የዘገዩት እናቶች ስንት በመቶ እንደሚሆኑ አስቀድመሽ ካላወቅሽ ግማሽ በግማሽ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ብዙ ሰው እንድትጠይቂ የሚያስገድደው ግምት እሱ ነውና ጥንቃቄ ነው። ከዚያ «መልሴ በ5 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ቢስት እቀበላለሁ» አልሽ። «እንዲህ ያለ ጥናት 100 ጊዜ ቢደገም 95ቱ በዚህ ልክ ውስጥ እንዲገኙ እፈልጋለሁ» አልሽ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ቀመሩ ውስጥ ስታስገቢ 384 ይወጣል። ቀመሩን ብትረሺው እንኳ ሦስቱን ነገሮች በራስሽ አፍ ካስረዳሽ ማንም አይጥልሽም።

አሁን ወደ መንገዱ ርዝመት እንምጣ። አምስት እናቶች ጤና ጣቢያው ለመድረስ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 240 ደቂቃ ፈጀባቸው እንበል። የመጨረሻዋ ያቺ በበቅሎ የመጣችው ናት። ደምረሽ ለ5 ብታካፍዪው 70 ደቂቃ ይመጣል። አማካይ የሚባለው ይህ ነው። ግን 70 ደቂቃ የተጓዘች እናት ከመሐላቸው አለች? አንዲትም የለችም። የበቅሎዋ መንገድ ሁሉንም ጎትቶ ወሰደው። አሁን በቅደም ተከተል ደርድሪያቸውና መሐል ላይ ያለችውን ተመልከቺ። 30 ደቂቃ። ይህ ሚዲያን ነው። አንድ ሰው በጣም ቢርቅ አይናወጥም።

ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደለም። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የተደረገውን የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ብታዪ፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት ዕድሜ 17.1 ዓመት ተብሎ የተጻፈው በሚዲያን ነው። ግማሾቹ ከዚያ ዕድሜ በፊት አግብተዋል ማለት ነው። አንቺም የመንገዱን ርዝመት በሚዲያን ብትጽፊው ይሻላል ባይ ነኝ። «ለምን?» ካሉሽ የበቅሎዋን እናት ንገሪያቸው።

ስታንዳርድ ዴቪየሽን ላይ ብዙ አልቆይም። በአንድ ቀበሌ እናቶች 28፣ 29፣ 30፣ 31፣ 32 ደቂቃ ይጓዛሉ። በሌላው 5፣ 10፣ 30፣ 50፣ 55። የሁለቱም አማካይ 30 ነው። አንደኛው ቀበሌ ግን ተሰብስቦ የሚኖር፣ ሌላኛው የተበታተነ ነው። ስታንዳርድ ዴቪየሽን ያንን መበታተን በአንድ ቁጥር የሚነግርሽ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራሽ ፒ ቫልዩ። በአንድ የሌሊት ተራ አምስት ልጆች አዋለድሽ እንበል። አምስቱም ሴት ሆኑ። ጠዋት ለተረካቢዋ «ዛሬ ሴት በሴት ሆንን» ብለሽ ሳትስቂ አትቀሪም። ግን «ጤና ጣቢያችን ሴት ብቻ የሚወለድበት ሆነ» ብለሽ ሪፖርት አትጽፊም። ለምን? እንዲህ ያለው ነገር ምንም ምክንያት ሳይኖረው በአጋጣሚም እንደሚመጣ ስለምታውቂ ነው። አምስት ልጅ ከሚወለድባቸው 100 ሌሊቶች በ3ቱ ገደማ አምስቱም ሴት ይሆናሉ። ፒ ቫልዩ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በእውነት ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የማየት ዕድሌ ስንት ነው? ያንቺ 0.08 እንዲህ ይላል፦ ርቀት ከመዘግየት ጋር ምንም ባይገናኝ ኖሮ፣ ካንቺ ጥናት ጋር ከሚመሳሰሉ 100 ጥናቶች 8ቱ ይህን ያህል ወይም የባሰ ልዩነት ያሳዩ ነበር። አለቀ። ሌላ ነገር አላለም። «ጥናትሽ ወድቋል» አላለም። «ርቀት ምንም አያመጣም»ም አላለም።

ታዲያ አንድ ውጤት «ሲግኒፊካንት» እንዲባል ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ይሁን የሚለው ገደብ ከየት መጣ? ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ20 አንድ የሚለውን ልክ እንደ ገደብ መያዝ ለሥራ ይመቻል ብሎ ጻፈ። ይመቻል ነው ያለው። ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። በ2016 ደግሞ፣ ይህም እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር፣ ሳይንሳዊ ድምዳሜ ፒ ቫልዩ አንድን ገደብ አለፈ ወይስ አላለፈ በሚል ብቻ መወሰን የለበትም የሚል መግለጫ አወጣ። ይህን አንቺ አፍሽን ሞልተሽ መናገር ትችያለሽ።

እንዲያውም ልጁ የላከልሽን ሌሎች ቁጥሮች ብታዪያቸው ፒ ቫልዩው ከሚነግርሽ የበለጠ ይነግሩሻል። ኦድስ ሬሽዮ 1.5 ምን ማለት ነው? ለምሳሌ ያህል፣ ከቅርብ ከመጡ 90 እናቶች 60ዎቹ ቢዘገዩና 30ዎቹ በጊዜ ቢመጡ፣ 2 ለ1 ነው። ከሩቅ ከመጡ 100 እናቶች 75ቱ ቢዘገዩና 25ቱ በጊዜ ቢመጡ፣ 3 ለ1 ነው። 3ን ለ2 ስታካፍዪው 1.5። ከ0.95 እስከ 2.36 የሚለው ደግሞ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ነው። ዳታሽ ከየትኛው እስከየትኛው መልስ ጋር እንደሚስማማ ያሳያል። 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። ያንቺ መሥመር 1ን በጭንቅ ነክቷት ከሁለት እጥፍ በላይ ድረስ ይዘልቃል። በአማርኛ ስንመልሰው ዳታሽ እንዲህ ይላል፦ «ርቀት ሳያዘገይ አይቀርም፣ ምናልባትም በጣም ያዘገያል፣ ግን በ422 ሰው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልቻልኩም»። ይህ የሚያሳፍር መልስ ነው? እኔ ታማኝ መልስ ነው የምለው።

በዚህ ላይ ለፈተና የሸመደድሽው «ስቱደንት ቲ ቴስት» ትዝ ይልሻል? ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ነው ያመጣው። ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1908 ጽሑፉን ሲያሳትም በስሙ ፋንታ «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» ብሎ ፈረመ። ያስጨነቀው ነገር ጥቂት ናሙና ይዞ ምን ያህል ደፍሮ መናገር እንደሚቻል ነበር። አንቺም አሁን የቆምሽው እዚያው ጥያቄ ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች ያዣት ወዳልኩሽ ነጥብ ልመለስ። 422ቱን እናቶች የጠየቅሻቸው የት ነው? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ታዲያ ርቀት ከሁሉ በላይ የጎዳቻት እናት የት ናት? ቤቷ ናት። አልመጣችም። ጥያቄሽ አልደረሳትም። ቅድም ያነሣሁልሽ የ2016ቱ ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መርጦ፣ ቤት ለቤት ሄዶ 15,683 ሴቶችን ያነጋገረው ለዚህ ነው። አንቺ ግን አይተሻቸው የማታውቂያቸው እናቶች ጥናትሽ ውስጥ የሉም። የርቀት ተፅዕኖ ከእውነተኛው አንሶ የታየሽ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን በውይይት ምዕራፍሽ ውስጥ አንድ ገጽ ጻፊበት። ልጁ ይህን ሊጽፍልሽ አይችልም፣ ያንን መንገድ አያውቀውማ። አንቺ ታውቂዋለሽ። በእኔ እይታ ያ ገጽ ከ0.04 በላይ ቲሲስሽን ያከብረዋል።

ልጁ «አወርድልሻለሁ» ሲል ምን ሊያደርግ እንደሆነስ አስበሻል? ቁጥር በራሱ አይወርድም። 40 ደቂቃ ያለችሽን እናት 90 ያደርጋታል። በ10ኛ ሳምንቷ የመጣችውን በ20ኛ መጣች ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12ኛው ሳምንት ይሁን ስለሚል፣ የሷን መዝገብ መቀየር በጊዜ የመጣችውን እናት «ዘገየች» ማለት ነው። አጠገብሽ ተቀምጠው የነገሩሽን ሰዎች ቃል እየለወጠ ነው። ነገ ደግሞ አንድ የወረዳ ባለሙያ ጥናትሽን አንብቦ ጤና ኬላ የት ይሠራ ብሎ ሊወስንበት ይችላል። እንቅልፍ የነሣሽ ይህ ይመስለኛል። ባልደረባሽ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ማለቷ በክፋት አይመስለኝም፣ ድካምሽን አይታ ነው። ግን ዲፌንስ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። «ይህን ቴስት ለምን መረጥሽ?» ሲሉሽ እሷም ልጁም አጠገብሽ የሉም።

ስለዚህ ይህን ሳምንት እንዲህ ብታደርጊስ? ለልጁ ደውዪና የገባውን ዳታ ፋይልና ያወጣቸውን ሠንጠረዦች በሙሉ እንዲልክልሽ ጠይቂው። መጣላት አያስፈልግም። ቀሪውን 6,000 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ መሆንሽንና በዚያ ፋንታ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት አጠገብሽ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ዳታው በሚተነተንበት ፕሮግራም፣ በኤስፒኤስኤስ፣ እንዲያሳይሽ እንደምትፈልጊ ንገሪው። ሙያን ከፍሎ መማር ነውር የለበትም፣ ያገዘሽን ሰውም ምስጋና ላይ ስሙን መጻፍ ይቻላል። እምቢ ካለ ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ ይህን ኮርስ የሚረዳ አንድ ወጣት መምህር አታጪም። ፋይሉ ላይ የእናቶቹ ስም ወይም ስልክ ካለ ግን ዛሬውኑ ከእጁ እንዲጠፋ አድርጊ። በአደራ የሰጡሽ ነውና።

ከዚያ አድቫይዘርሽ ጋ ሂጂ። ምን ልበለው ካልሽ፣ እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦ «መምህር፣ የርቀት ውጤቴ 0.08 ነው። ሳልቀይር እንዳለ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ውይይቱን እንዴት ልጻፈው?» ይህን የሚሰማ አስተማሪ ደስ እንጂ አይከፋውም ብዬ አምናለሁ። 6 ሳምንት ካነሰሽም ትንሽ ቀን እንዲጨመርልሽ ያኔ ጠይቂ። አንድ ወር መዘግየት ስትፈሪው ትልቅ ይመስላል እንጂ ከሁለት ዓመት ተኩሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ለባለቤትሽም ንገሪው። ያወጣው ገንዘብ ስላለ ብቻ አይደለም። በየቅዳሜው ልጆች ይዞ የጠበቀሽ ሰው ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ ማደርሽን ቢያውቅ የሚያዝን ይመስለኛል። የተከፈለውን 6,000 ብርም ሳትሸሽጊ ንገሪው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡና አፍልተሽ፣ የአምስቱን እናቶች አማካይና ሚዲያን ለእሱ አስረጂው። የሕክምና ሰው ካልሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ እሱ ከገባው ለፈታኞቹም ይገባቸዋል። ከዲፌንሱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ብትለማመዱ ያ የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ እየራቀሽ ይሄዳል።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። መጠይቆቹን ካስቀመጥሽበት አውጪና የዚያችን የበቅሎ እናት ፈልጊያት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በስንተኛው ሳምንቷ ነበር? አጠገቧ የሚኖሩ ግን ያልመጡ እርጉዞች እንዳሉስ አጫውታሽ ነበር? መልሱን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።